አስተያየት፦ የለም

ሮዛሪዮ፣ ከፓራና ወንዝ ዳር፣ ጡቡ የተላጠ ቤት፤
ምድር ቤቱ ውስጥ አምስት ፍሪዘሮች እንደ ደከመ በሬ የሚያቃስቱበት።
እኔ ቆጣሪ ነኝ። ከዋናው ከተማ በሌሊት አውቶቡስ የመጣሁ፣
በቦርሳዬ ሕግ፣ በደረቴ መታወቂያ፣ በእጄ ጓንት ያጠለቅሁ።

ሕጉ አጭር ነው፤ ሲያነቡት የማያስደነግጥ፦
«የልጅነት ልምሻ ያለበት፣ ወይም ሊኖርበት የሚችል ብልቃጥ፣
ይመዝገብ። ይታሸግ። ፈቃድ ወዳለው ይዛወር፤
አለዚያ በእንፋሎት ይቀቀል፣ ምስክር ባለበት፣ አንድም ሳይቀር።»
«ሊኖርበት የሚችል» የምትለዋ ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ፤
ስንቱን ስም የለሽ ሰገራ፣ ስንቱን የተረሳ ጠርሙስ ያስቆጠረችኝ።

ሌላው ቤተ ሙከራ ደጁን በግማሽ ከፍቶ ያስተናግደኛል፤
«እኛ ዘንድ የለም» ብሎ፣ ፍሪዘሩን ሳይከፍት ይምላል።
ፕሮፌሰሩ «የሳይንስ ቅርስ ነው» ይላል፤ ዘበኛው ቁልፍ ጠፋው።
ጌታዬ፣ እላለሁ፣ ቅርስ አይራባም፤
ቅርስ ከሳጥን አምልጦ የልጅ እግር አያሰልልም።

እዚህ ግን የጠራችኝ ራሷ ናት። ኤውላሊያ ቤርቶሎቲ ትባላለች፤
ሰባን አልፋ፣ ጡረታዋን ረስታ፣ የፍሪዘር ቁልፍ ባንገቷ አንጠልጥላ ትኖራለች።
በስልክ ይህን ብቻ ነበር ያለችኝ፦
«ከእርሾው ሳጥን ኋላ ነው። ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አርጅቻለሁ፣ ድረስልኝ።»

በረዶውን በማንኪያ ፋቅነው። ብልቃጧ የጣት ጫፍ ታህላለች፤
ቀለሟ ሸሽቷል፣ ለሚያውቃት ግን ትነበባለች፦
«ኤ. ቤ.፣ ወንድ፣ ስድስት ዓመት፣ በታመመ በሦስተኛው ቀን።»
«ኤቫሪስቶ» አለች። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ዝም አልን።

ቆይታ ግን ጀመረች፣ የሃምሳ ስድስቱን በጋ፦
የመንገዱ ዛፍ እስከ ወገቡ ኖራ ሲቀባ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣
ካምፎር በጨርቅ ተቋጥሮ በልጅ አንገት ሲንጠለጠል፣
እናቷ ደጃፍ ስታጥብ፣ ስታጥብ፣ መዳፏ እስኪቆስል።
«ኖራው ዛፉን አሳመረው እንጂ ልጁን አላዳነም» አለች።
ሳቀች ልበል? ወይስ ተነፈሰች።
«ያን ጊዜ መንግሥት ሬሳ ይቆጥር ነበር፤ አንተ ብልቃጥ ትቆጥራለህ።
ይሻላል። የምሬን ነው። ተቀመጥ፣ ውሃ ላምጣልህ።»

«እስከ ዛሬ ለምን?» አልኳት። ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ነበረ።
«መቃብሩን ጎርፍ ወሰደው። ፎቶ አልተነሳ። ከሱ ይሄ ቀረ።»
«ታዲያ ዛሬስ?»
«ባለፈው ወር መብራት ጠፍቶ፣ ፍሪዘሩን ሲያለቅስ አገኘሁት፤
ውሃው ወደ በሩ ሲሄድ፣ ካፖርቴን አውልቄ ደፈንኩት።
ሌሊቱን ሙሉ ተንበርክኬ፣
ወንድሜን ፈራሁት።»

በደንቡ አዝራሩን የሚጫነው ተቆጣጣሪው ነው።
እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።
መቶ ሃያ አንድ ዲግሪ፣ ሠላሳ ደቂቃ፤ እንፋሎቱ ሲያጉተመትም፣
ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።
የግራ ጫማዋ ሶል ከቀኙ ሦስት ጣት ይወፍራል፤
ያኔ ነው ያየሁት። ቆጣሪ ነኝ ባይ፣ እንዲህ ያለው ያመልጠዋል።

ብዛት፦ አንድ። ይዘት፦ ሊኖርበት የሚችል። ሁኔታ፦ ወድሟል።
እሷ ፈረመች፣ እኔ ፈረምኩ፤ ማኅተሙ ትንሽ ተንጋዷል።
«አስተያየት» ከምትለዋ ሥር ሁለት ባዶ መስመር አለች፤
ብዕሬ እዚያ ላይ ብዙ ቆየች።
«የለም» ብዬ ጻፍኩ።

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ዛፎቹን አየሁ፤
ግንዳቸው ራቁቱን ነው፣ ኖራ የሌለው።
ነገ ሳንታ ፌ። አሥራ ሁለት ፍሪዘር።
ቁልፍ ያዡ፣ አሉ፣ ስልክ አያነሳም።